በአዲሱ ወርድ የተጻፈ ፈተና በአሮጌው ኮምፒውተር አልከፈት አለ፤ ያለ ክፍያ የሚለወጥበት መንገድ አለ?

መምህር ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ወዳጆች። የማቀርበው ችግር የመንዝ ብቻ አይመስለኝም፤ በየወረዳው ያለ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ነው ብዬ አምናለሁ።

በምሠራበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት የሚታተመው ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት የቆየ ኮምፒውተር ነው። ያለው የጽሑፍ ፕሮግራም ወርድ 2003 ነው። ኮምፒውተሩን እስካሁን ያቆየነው ወደን አይደለም። ማተሚያችን የሚገናኘው በዚያ በሰፊው ባለ ብዙ እግር ገመድ ሲሆን አዲሶቹ ላፕቶፖች መሰኪያው የላቸውም። ማተሚያው ደግሞ ገና ጠንካራ ነው፤ የሚሠራ ዕቃ ጥሎ ሌላ ግዢ መጠየቅ አግባብ ሆኖ አልታየንም።

መምህራኑ ፈተናቸውን የሚያዘጋጁት በየቤታቸው ነው፤ ከፊሉ በአዲስ ወርድ፣ ከፊሉ በእጅ ስልኩ። ፍላሹ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሰነዱ አንድም አይከፈትም፣ ቢከፈትም የማይነበብ ነገር ይደረደራል። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት በየፋይሉ እያስከፈለ ይለውጥልናል። የሴሚስተር ማጠቃለያ ሲደርስ የሁሉም ክፍልና የሁሉም ትምህርት ዓይነት ፈተና በአንድ ሰሞን ይጎርፋል፤ ክፍያው የሚወጣው ከመምህሩ ኪስ ነው። በዚህ ኑሮ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ኢንተርኔቱ አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። በተቻለ መጠን ያለ ኔትወርክ የሚሠራና ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ ብትጠቁሙኝ ውለታው ለመምህራኑ ሁሉ ነው።


እትዬ ጽሕፈት፣ ደብረ ብርሃን

እንደምን አሉ መምህር? እኔ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ ሥራ የምተዳደር ነኝ፤ የምናገረው ከንግዱ ውስጥ ሆኜ ነው። ለዚህ ሥራ ምንም መክፈል የለባችሁም። አዲስ ወርድ ያለው መምህር መለወጫው በእጁ ነው።

ሰነዱን ይክፈትና ከገበታው የላይኛው ረድፍ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ይጫን። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ ኤን የሚለውን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። «ሴቭ አዝ» የሚለው መስኮት ይመጣል። ከፋይሉ ስም በታች «ሴቭ አዝ ታይፕ» የሚል ዝርዝር አለ፤ ሲከፍተው «ወርድ 97-2003 ዶኩመንት» የሚል ያገኛል። እሱን መርጦ ሴቭ ይበል፤ ሥራው በዚሁ አለቀ። የመጀመሪያው ዶክኤክስ ፋይል አይነካም፤ አጠገቡ ዶክ የሆነ ሌላ ፋይል ይፈጠራል። በፍላሽ የሚሄደው ይኸኛው ነው።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እስከ ኦፊስ 2003 ድረስ ወርድ ሰነዱን የሚያስቀምጠው ዶክ በሚባለው ቅርጽ ነበር። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ዶክኤክስን መደበኛ አደረገው። አዲሱ ወርድ አሮጌውን ቅርጽ ያነባል፤ ወርድ 2003 ግን ሲሠራ ዶክኤክስ ገና ስላልነበረ አያውቀውም።

ሁልጊዜ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚጽፍ መምህር ካለ ደግሞ በየጊዜው መምረጥ አያስፈልገውም። «ፋይል» ውስጥ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሴቭ» ሲል ፋይሎች በምን ቅርጽ ይቀመጡ የሚል ቦታ አለ፤ 97-2003ን አንድ ጊዜ ከመረጠ ከዚያ በኋላ የሚጀምረው ሰነድ ሁሉ በዶክ ይቀመጥለታል።

በዚህ ሥራ መምህርን ማስከፈል ያሳዝነኛል። ለደንበኛ ማሳየት ከማስከፈል ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።


የአንኮበር ልጅ

ከዚህም የቀለለ አለ። ፋይሉን ሪኔም ብሎ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤክስ ማጥፋት ነው። ዶክኤክስ የነበረው ዶክ ይሆናል።


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

ወንድሜ የአንኮበር ልጅ፣ በቅንነት እንዳልከው አውቃለሁ፤ ግን አይሆንም። ስሙ ተለወጠ እንጂ ውስጡ ያው ዶክኤክስ ነው። ሁለቱ ከመሠረታቸው የተለያዩ ናቸው። ዶክ አንድ ወጥ ሆኖ የተጠቀጠቀ ፋይል ነው። ዶክኤክስ ደግሞ ብዙ ትናንሽ ፋይሎች በዚፕ ታሽገው አንድ መስለው የሚታዩበት ነው።

ሪኔም ማድረግ የሚጠቅምበት ሌላ መንገድ ግን አለ። የዶክኤክሱን ቅጂ ወስደህ መጨረሻውን ዚፕ ብትለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ራሱ እንደ ማህደር ይከፍተዋል። ውስጡ «ወርድ» የሚል ማህደር አለ፤ በእሱ ውስጥ ደግሞ «ሚዲያ» የሚል። በሰነዱ ውስጥ የገቡት ሥዕሎችና ካርታዎች በሙሉ እዚያ ተቀምጠዋል። ጽሑፉ «ዶኩመንት» በሚል የኤክስኤምኤል ፋይል ውስጥ ይገኛል። የጂኦግራፊ መምህር ካርታው ብቻ ከጠፋበት በዚህ መንገድ ያለ ምንም ፕሮግራም ያወጣዋል።

መምህር ዘመንዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «የማይነበብ ነገር» ያሉት ምን ዓይነት ነው? ሁሉም ፋይል ላይ አንድ ነው ወይስ ይለያያል? እባክዎ በዝርዝር ይንገሩን፤ መድኃኒቱ የሚለያየው እዚያ ላይ ነው።


መምህር ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኤፍ 12ቱን ዛሬውኑ ለመምህራኑ አሳያለሁ።

ሰነድ ጠባቂ፣ አዎን ይለያያል። አንዳንዱ ፋይል ሲከፈት መጀመሪያው ላይ ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ገጹን የተዘበራረቀ ምልክት ይሞላዋል። ሌላው ላይ እንግሊዝኛውና ቁጥሩ በትክክል ይነበባል፤ አማርኛው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባዶ ሣጥን ነው። ይኸኛው ጽሕፈት ቤቱ ገንዘብ ተቀብሎ ከለወጠልን በኋላም ያጋጠመን ነው። ሦስተኛም አለ፤ የአንድ አንጋፋ መምህራችን የአማርኛ ፈተና በሙሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይመጣል።


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ያሉት ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ የፋይል ቅርጽ መለወጥ የሚያድነው አንዱን ብቻ ነው። በየቢሮው ሰዎች ደግመው ደጋግመው ከፍለው ችግሩ የማይለቃቸው ይህን ባለመለየት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ፒ እና ኬ የሚታይበት እውነተኛው የዶክኤክስ ችግር ነው። ማንኛውም የዚፕ ፋይል የሚጀምረው በእነዚህ ሁለት ፊደላት ነው። ወርድ 2003 የታሸገውን መፍታት ስላልቻለ እሽጉን እንዳለ ገጽ ላይ ዘርግቶታል። ይህ እትዬ ባሉት መንገድ ይድናል።

ሣጥኑ ግን የቅርጽ ጉዳይ አይደለም። ፋይሉ በትክክል ተከፍቷል፤ የጎደለው የፊደል ቅርጹ፣ ማለትም ፎንቱ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ኤክስፒ ሲጫን አብሮት የሚመጣ የግዕዝ ፎንት የለም። መምህሩ በቤቱ በኒያላ ጽፎ ያመጣውን ኤክስፒ በምን ያሳየው? ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ መልኩ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የለም። ስለዚህ ሺህ ጊዜ ዶክ ቢደረግ ሣጥኑ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የሚባል ነፃ የግዕዝ ፎንት አለ፤ መጫንም ማባዛትም የተፈቀደ ነው። ከኢንተርኔት አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ይውሰዱት። ኤክስፒ ላይ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፎንትስ» የሚለውን ማህደር ከፍተው የፎንቱን ፋይል እዚያ ውስጥ መገልበጥ ነው። ከዚያ ሰነዱን ከፍተው ሁሉንም በኮንትሮልና ኤ ይምረጡና ፎንቱን አቢሲኒካ ያድርጉት፤ ሣጥኖቹ ወደ ፊደል ይመለሳሉ።

ከዚህም የሚሻለው፣ መምህራኑም በየቤታቸው ያንኑ ፎንት ጭነው ከመጀመሪያው በእሱ ቢጽፉ ነው። ኒያላና አቢሲኒካ ስፋታቸው አንድ አይደለም። በአንዱ ተጽፎ በሌላው ሲቀየር መስመሩ ይሸሻል፤ በአራት ገጽ ያለቀው ፈተና አምስተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጥሎ ይወጣል። ወረቀት በቁጥር በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአንጋፋው መምህር ፋይል ሦስተኛው ዓይነት ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች፣ በቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈ ነው። በእነዚያ ጊዜ የግዕዝ ፊደል የሚቀመጠው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ካለ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ከሌለ ሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። እኚህን መምህር ፎንቱን ራሱን ከኮምፒውተራቸው ገልብጠው እንዲሰጧችሁ ይጠይቋቸው። በክብር ይጠይቋቸው፤ እሳቸው የለመዱበት መንገድ ለዓመታት ሠርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፋይሉን ስም በአማርኛ አትጻፉ። ፎንት በሌለው ኤክስፒ ላይ ስሙም ሣጥን ስለሚሆን የትኛው የ9ኛ፣ የትኛው የ10ኛ ክፍል ፈተና እንደሆነ መለየት አይቻልም።


ወጣት ከሸዋ ሮቢት

ለምን ይህን ያህል ትደክማላችሁ? በነፃ የሚለውጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል። ፋይሉን ትሰቅላለህ፣ ዶክ ሆኖ ይመለስልሃል። በቴሌግራም የሚሠሩ ቦቶችም አሉ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ሁሉንም መጨረስ ይቻላል።


ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ዓለም ከተማ

ልጄ፣ ፈተና እኮ ነው። ገና ያልተሰጠ ፈተና ባለቤቱን ለማታውቀው ድረ ገጽ አሳልፈህ ስትሰጥ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ በምን ታውቃለህ? አንዳንዶቹ ድረ ገጾች ከጥቂት ሰዓት በኋላ እናጠፋለን ይላሉ። ይሉ ይሆናል፤ አንተ ግን ማረጋገጫ የለህም። ቦቱም ያው ነው፤ ከጀርባው ያለው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

እኔ ለባለጉዳይ የክስ ማመልከቻና መልስ የምጽፍ ሰው ነኝ። በአንድ ወረቀት ላይ የሰው ሙሉ ስም፣ የሚኖርበት ቀበሌ፣ የመሬቱ አዋሳኝ፣ አንዳንዴም የትዳሩ ምስጢር አለ። ሰው ያንን የነገረኝ ጉዳዩን እንድጽፍለት አምኖኝ ነው። አሁን አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አዋጅ ባይኖር እንኳ የሰው ገመና አደራ ነው።

ማንም የሚያነበው ማስታወቂያ ወይም የሰርግ ጥሪ ከሆነ እሰየው፣ ተጠቀሙበት። ፈተና፣ የተማሪ ውጤት፣ የሠራተኛ ማህደር፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ግን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ሳይወጣ ይለወጥ። ይህን ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ።


ወጣት ከሸዋ ሮቢት

እሺ ጋሼ፣ ስለ ፈተናው ያሉት ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። ግን ወርድ የሌለው ሰውስ? ፈቃዱን የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ብዙ ነው። እሱ ያለ ኢንተርኔት በምን ይለውጥ?


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊብሬ ኦፊስ። ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ የሚያበቃ የሙከራ ጊዜ የለውም፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዶክኤክሱን ይከፍታል፣ «ሴቭ አዝ» ሲሉት ወርድ 97-2003ን ያቀርባል። መጫኛው ከ200 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ አንድ ሰው አውርዶ ለሌላው በፍላሽ ቢያድል ይሻላል፤ ማደሉ በሕግም በፈቃድም የተፈቀደ ነው። ሌላው ደብሊው ፒ ኤስ ኦፊስ ነው፤ በነፃው እትሙም ዶክ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ማስታወቂያው ግን ይበዛል።

መምህር ዘመንዝ፣ ለእርስዎ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። እያንዳንዱን ሰነድ ከመለወጥ አሮጌው ኮምፒውተር ራሱ ዶክኤክስ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። ድሮ ማይክሮሶፍት ለወርድ 2003 «ኮምፓቲቢሊቲ ፓክ» የሚባል ነፃ ማሟያ ያቀርብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አንሥቶታል። ከሌላ ከማይታወቅ ቦታ አውርዱ አልልም፤ በእሱ ስም ቫይረስ የሚያከፋፍል አይጠፋም። ይልቅ ሊብሬ ኦፊስ 5.4 ኤክስፒ ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ተከታታይ እትም ነው፤ ኤክስፒው ሰርቪስ ፓክ 3 የሚባለው ማሻሻያ ያለው መሆን አለበት። የቀድሞ እትሞችን ራሱ የሊብሬ ኦፊስ ድርጅት በማከማቻው አስቀምጧቸዋል። አፓቼ ኦፕን ኦፊስ 4.1ም ኤክስፒ ላይ ይጫናል፤ እሱ ዶክኤክስ ይከፍታል፣ በዶክኤክስ ማስቀመጥ ግን አይችልም። እናንተ የምትፈልጉት መክፈቱንና ማተሙን ስለሆነ ይበቃችኋል።

ይህ ከተደረገ ወርድ 2003ን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ።


እትዬ ጽሕፈት፣ ደብረ ብርሃን

ከሰነድ ጠባቂ ጋር እስማማለሁ፤ ሆኖም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫን ሁልጊዜ አይሳካም። ሜሞሪው ትንሽ ከሆነ አንድ ሰነድ ለመክፈት ቡና ተፈልቶ ያልቃል።

እዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ማተም ብቻ ከሆነ ለምን ፒዲኤፍ አይሆንም? መምህሩ በቤቱ ፒዲኤፍ አድርጎ ያምጣው። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ታሽጎ ስለሚመጣ ሣጥን አይታይም፣ ገጹም አይሸሽም። ለኤክስፒ ሱማትራ ፒዲኤፍ የሚባል ቀላል ነፃ ማንበቢያ አለ፤ 3.1.2 የተባለው እትም ኤክስፒ ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ነው። በጣም ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ ይሠራል።


መምህር ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

እትዬ፣ ፒዲኤፉ ለአብዛኛው ያገለግለናል። ችግር የሚሆነው የማተሚያው ቀን ነው። የፈተና ኮሚቴው ሲያነብ የተደገመ ጥያቄ ይወጣል፣ «ሀ» ሁለት ጊዜ ይገኛል፣ የተሰጠው ሰዓት ይስተካከል ይባላል። ፈተናውን ያዘጋጀው መምህር በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነው፣ ወይም ገጠር ሄዷል። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካልታረመ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የሚታረም ቅጂ የግድ ያስፈልገናል።


እትዬ ጽሕፈት፣ ደብረ ብርሃን

እንግዲያው ሁለቱንም ይዘው ይምጡ። ዶክ ለማረም፣ ፒዲኤፍ ለማስተያየት። ዶኩ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሆነ ነገር ከቦታው ቢሄድ ፒዲኤፉን አጠገቡ ከፍቶ ትክክለኛው መልክ ምን እንደነበር ማየት ይቻላል። እኔ ለመመረቂያ ጽሑፍ ደንበኞቼ ሁልጊዜ የማደርገው ይህን ነው።


የሞላሌ መምህርት

እኔ ኮምፒውተር የለኝም፣ ፈተና የምጽፈው በስልኬ ጎግል ዶክስ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ዶክ የሚል ምርጫ ፈልጌ አጣሁ። ዶክኤክስ ብቻ ነው የሚለው። እንደ እኔ ያለ ምን ያድርግ?


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ያላገኘሽው ስለሌለ ነው። ጎግል በዶክ ቅርጽ ማውረድን እ.ኤ.አ. በ2012 አስቀርቶታል። ነገር ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ አር ቲ ኤፍ የሚል አለ። እሱን ምረጪ። አር ቲ ኤፍ ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው የቆየ ቅርጽ ስለሆነ ወርድ 2003 ያለ ምንም ማሟያ ይከፍተዋል፤ ጽሑፉ፣ ድምቀቱ፣ ተራ ሠንጠረዡ ይተርፋል። ከፍተሽ ካየሽው በኋላ እዚያው ወርድ 2003 ላይ ዶክ አድርጎ ማስቀመጥ ይቻላል። ሥዕል የበዛበት ሰነድ ላይ ግን ፋይሉ በጣም ይተልቃል፤ ሥዕሎቹን ቀድመሽ አሳንሻቸው።

ዎርድፓድ የሚባለው የዊንዶውስ ቀላል የጽሑፍ ፕሮግራም ያላቸው ሰዎችም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። በዊንዶውስ 7 እና በ10 ላይ ያለው ዎርድፓድ ዶክኤክስ ይከፍታል፣ በአር ቲ ኤፍ ያስቀምጣል። ከዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. የ2024 እትም ጀምሮ ግን ማይክሮሶፍት አስወግዶታል።


ቴክኒሻን፣ ደብረ ሲና

የሁላችሁንም አነበብኩ፤ ግን ሥሩን ማንም አልነካውም። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒም ለኦፊስ 2003ም የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ አይደፈንም። የመምህራኑ ሁሉ ፍላሽ በየተራ የሚሰካበት ኮምፒውተር ደግሞ የቫይረስ መናኸሪያ ነው፤ አንዱ ያመጣው ለሁሉም ይዳረሳል። ፋይሎችን ደብቆ በቦታቸው አቋራጭ ምልክት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ ትምህርት ቤት የለም። ዶክም ከዶክኤክስ የባሰ ነው፤ ተራ ዶክኤክስ ማክሮ፣ ማለትም ሰነዱ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም፣ መያዝ አይችልም፣ ዶክ ግን ይችላል።

ለማተሚያው ሲባል ከሆነ ኤክስፒውን የምታቆዩት፣ ከዩኤስቢ ወደዚያ ሰፊ መሰኪያ የሚያገናኝ ገመድ አለ። ብዙ የቆዩ ማተሚያዎች በእሱ ይሠራሉ። ገመዱን በተውሶ አግኝታችሁ በአዲስ ላፕቶፕ ሞክሩት፤ ዊንዶውሱ ለማተሚያው የሚሆን ድራይቨር (ማተሚያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ካለው ከዚህ ሁሉ ልፋት ትገላገላላችሁ።


መምህር ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ ገመዱን እፈልጋለሁ። እስከዚያው ግን ፈተናው ደርሷል። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላገናኘነውም፤ አናገናኘውምም። ማክሮ ያልከውን ግን አላወቅሁም ነበር፤ ምን እናድርግ?


ቴክኒሻን፣ ደብረ ሲና

ወርድ 2003 ላይ «ቱልስ»፣ «ማክሮ»፣ «ሴኪውሪቲ» ብለው ደረጃውን «ሃይ» ላይ ያቁሙት። ፈተና ማክሮ አያስፈልገውም። ፍላሹን ደግሞ መጀመሪያ ጸረ ቫይረስ ባለው ላፕቶፕ ላይ አስፈትሹ፤ አንድ መምህር ይህን ኃላፊነት ቢወስድ ጥሩ ነው።


የሒሳብ መምህር፣ እነዋሪ

እኛም ዘንድ ያው ኮምፒውተር አለ፤ ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ ስከታተል ነበር። የሒሳብ ነገር አልተነሣም። በአዲሱ ወርድ «ኢኩዌሽን» ብዬ የጻፍኩት ክፍልፋይና ሥር ዶክ ሲሆን ወደ ሥዕል ይለወጣል። ይታተማል፤ ግን የተሳሳተ አንድ ቁጥር እንኳ ማረም አይቻልም። ኮሚቴው «ይህን 3 ወደ 5 ለውጥ» ሲል ምን ይደረጋል?


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ ወርድ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ስማርት አርት የሚባሉትን ሥዕላዊ መግለጫዎችም እንዲሁ አንድ ሥዕል ያደርጋቸዋል። ሴቭ ሲሉ ብቅ የሚለው መስኮት ምን ምን እንደሚቀየር ይዘረዝራል፤ ሰው ግን ሳያነበው «ኮንቲኒዩ» ብሎ ያልፈዋል። እሱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ለሒሳብ የሚሻለው ለውጡን በሊብሬ ኦፊስ ማድረግ ነው። «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ኤንድ ሴቭ»፣ «ማይክሮሶፍት ኦፊስ» በሚለው ሥር ማዝታይፕን ወደ ማዝ ወይም በተገላቢጦሽ የሚል መስመር አለ፤ የማስቀመጫው ሣጥን ምልክት የተደረገበት መሆኑን ያረጋግጡ። ያኔ ቀመሩ ወርድ 2003 በሚያውቀው በአሮጌው የቀመር መጻፊያ ዓይነት ይቀመጣል፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲደረግ ይከፈታል፣ ቁጥሩም ይታረማል። ወርድ 2003 ሲጫን ያ የቀመር መጻፊያ አብሮ መጫኑን ግን አስቀድመው ይዩ። የተወሳሰበ ማትሪክስ ካለበት ደግሞ አንድ በአንድ ከዋናው ጋር ያስተያዩት።


ወጣት ከሸዋ ሮቢት

ሰነድ ጠባቂ፣ አንድ በአንድ ከፍቶ ሴቭ ማለት ለብዙ ፋይል አይሆንም። ባንድ ጊዜ ሁሉንም የሚለውጥ የለም?


ሰነድ ጠባቂ፣ ደብረ ብርሃን

አለ፤ ይህም በሊብሬ ኦፊስ ነው። ፋይሎቹን ሁሉ አንድ ማህደር ውስጥ አስገባ፤ የተከፈተ ሊብሬ ኦፊስ ካለ ዝጋ፣ አለዚያ ትእዛዙ ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚያ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት በዚያ ማህደር ላይ ክፈት። የምትጽፈው መጀመሪያ «ሶፊስ» የሚባለውን ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ነው፤ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ በተጫነበት ማህደር፣ «ፕሮግራም» በሚለው ውስጥ ነው። ክፍት ቦታ ትተህ ሁለት ሰረዝና «ሄድለስ»። እንደገና ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝና «ኮንቨርት»፣ ሳታራርቅ አንድ ሰረዝና «ቱ»። ክፍት ቦታ፣ «ዶክ»። ክፍት ቦታ፣ ኮከብ፣ ነጥብ፣ «ዶክኤክስ»። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። ኢንተር ስትል በማህደሩ ያሉት ዶክኤክሶች ሁሉ እየተከታተሉ ዶክ ይሆናሉ፤ ዋናዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ።


መምህር ዘመንዝ፣ መሐል ሜዳ

ዛሬ ከመምህራኑ ጋር ተስማምተናል። ወርድ ያላቸው በኤፍ 12 ለውጠው ዶክና ፒዲኤፍ ይዘው ይመጣሉ። በስልክ የሚጽፉት አር ቲ ኤፍ ያመጣሉ። አቢሲኒካን በአሮጌው ላይ ጭነነዋል፤ ሣጥን የነበረው የ8ኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ፎንቱ ሲቀየር ወዲያው ተነበበ። አንጋፋው መምህራችን ፎንታቸውን ሰጥተውናል፤ የእሳቸውም ተስተካክሏል። ሊብሬ ኦፊስ 5.4ን ለማውረድ ወደ ደብረ ብርሃን የሚወርድ ባልደረባ አደራ ተቀብሏል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ኮሚቴው አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያረመውን ዶክ መምህሩ መልሶ ዶክኤክስ ማድረግ አለበት ወይ? ለሚመጣው ዓመት የሚቀመጠው የትኛው ነው?


እትዬ ጽሕፈት፣ ደብረ ብርሃን

የታረመውን ዶክ አዲሱ ወርድ ላይ ሲከፍቱት ከላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» ይላል፤ እንዳለ ይሠራል፣ መለወጥ ግዴታ አይደለም። ግን ዶክ ሆኖ የመጣው ላይ ሥዕል የሆነ ቀመር ሁልጊዜ ተመልሶ ቀመር ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የሚቀመጠው የመጀመሪያው ዶክኤክስ ይሁን፤ ኮሚቴው ያረመውን መምህሩ በዚያ ላይ በእጁ ያስገባው። ኮሚቴው እርማቱን በታተመው ወረቀት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎ ቢሰጠው ምን እንደተለወጠ ፍለጋ አይገባም። ዶኩን ደግሞ ከፈተናው በኋላ ከአሮጌው ኮምፒውተርም ከፍላሹም አጥፉት።